በፍትጊያ ያለቀ ጥርስ፦ የመንስኤው ፍለጋና የሕክምናው ታሪክ

ከሰው አካል ሁሉ ጠንካራው ክፍል የጥርስ የላይኛው ልባስ የሆነው ኢናሜል ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱ ከድድ ብቅ ካለ በኋላ ይህን ልባስ የሚያድስ ሕዋስ አይኖርም። አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፤ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ ኢናሜል ግን ካለቀ አለቀ። በመሆኑም ጥርስ ባለቤቱ በዘመኑ ሁሉ የበላውን፣ የጠጣውንና የነከሰውን መዝግቦ ይይዛል። ችግሩ ምዝገባው የደረሰውን ጉዳት እንጂ ጉዳቱን ያደረሰውን ነገር በግልጽ የማያሳይ መሆኑ ነው። ተመልካቹ ያለቀውን ጥርስ አይቶ መንስኤውን ከገዛ ራሱ ግምት ይሞላዋል። የጥርስ ማፋጨት ሕክምና ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ግምት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ መለያየት ያስፈልጋል። ጥርስ የሚያልቀው በሦስት መንገድ ነው፤ ይኸውም ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲፋተግ፣ ባዕድ ነገር ሲፍቀው፣ እንዲሁም አሲድ ሲያሟሟው ነው። ሦስቱ በአንድ አፍ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ይገናኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ትኩረት የመጀመሪያው፣ በተለይም ዛሬ ብሩክሲዝም የምንለው ጥርስን የማፋጨትና ነክሶ የመያዝ ልማድ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያለቀ ጥርስ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በጥንታዊት ግብፅ ንጉሡም ተራው ሰውም ከዚህ አላመለጡም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1213 ዓመት ገደማ፣ ዕድሜው ወደ ዘጠና ተጠግቶ ያረፈው ዳግማዊ ራምሴስ ጥርሶቹ ክፉኛ ያለቁ፣ መንጋጋውም መግል የቋጠረ እንደነበር ከአስከሬኑ ምርመራ ታውቋል። ይህን ሁሉ ያደረሰው ምንድን ነው? እንግሊዛዊው የጥርስ ሐኪም ፊልስ ሊክ መልሱን ፍለጋ ከአፍ ወጥቶ ወደ ማዕድ ሄደ። ከመቃብር ወጥተው በሙዚየሞች የተቀመጡ የዳቦ ቅሪቶችን በራጅ ጭምር መረመረ፤ በ1972 ባሳተመው ጽሑፍም በዳቦው ውስጥ የአሸዋና የድንጋይ ብናኝ መኖሩን አሳየ። ብናኙ ከመፍጫው ድንጋይ፣ ከማሳው አፈርና ከበረሃው ንፋስ የመጣ ነበር። በዚህ መልክ ጥርስ ቀስ እያለ ሲያልቅ፣ ከውስጥ ያለው ዴንቲን አዲስ ሽፋን እያበጀ ሥሩን ለመከላከል ይሞክራል፤ ፍጥነቱ ከመከላከሉ አቅም ሲያልፍ ግን ነርቭና የደም ሥር የያዘው የጥርሱ እምብርት ይጋለጣል፤ መግሉም ከዚያ ይከተላል።

ይህ ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። ወፍጮ በተወቀረ ማግስት የሚወጣው ዱቄት ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ እንደሚል እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። በወፍጮና በመጅ በተፈጨ እህል ያደጉ አዛውንት ጠፍጣፋና የተቆላ ባቄላ የመሰለ ቀለም ያለው መንጋጋ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ፣ «ሌሊት ጥርስዎን ያፋጫሉ» ብሎ መደምደም ቸኩሎ መፍረድ ይሆናል። አውስትራሊያዊው የጥርስ ማስተካከል ሐኪም ሬይመንድ ቤግ በ1954 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን ነባር ሕዝቦች ጥርስ መርምሮ፣ በሻካራ ምግብ የተነሣ ጥርስ እየሳሳ መሄዱ ለሰው ልጅ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው እስከ ማለት ደርሷል። ቤግ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ጥርስ መጨናነቅ የሰጠው ማብራሪያ በኋላ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። ያለቀ ጥርስ ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም የሚለው ነጥቡ ግን ቦታ አለው።

በሕክምና መጻሕፍት ጉዳዩ በወግ መነሣት የጀመረው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ነው። ታላቁ የለንደን ቀዶ ሐኪም ጆን ሐንተር በ1771 ስለ ሰው ጥርስ ተፈጥሮ፣ በ1778 ደግሞ ስለ ጥርስ በሽታዎች ጻፈ። የጥርስን ልባስ እየገፈፈ የሚሄድ ጉዳት ከተራ መበስበስ የተለየ መሆኑን ያስተዋለው እርሱ ነው። መንስኤውን ግን ከጥርሱ ከራሱ የሚነሣ በሽታ አድርጎ ቆጠረው። ለዚህ ግምት በቂ የሙከራ መልስ ለመስጠት ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዊሎቢ ሚለር የተባለው፣ በበርሊን ለረጅም ዘመን የሠራው አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የተነቀሉ ጥርሶችን በብሩሽና በጥርስ ዱቄት እየፈገፈገ፣ በአሲድም እየነከረ ከመረመረ በኋላ ውጤቱን በ1907 አሳተመ። በዘመኑ ይሸጡ የነበሩ ሻካራ የጥርስ ማጽጃ ዱቄቶች በብርቱ ብሩሽ ታግዘው ምን ያህል ጥርስ እንደሚፍቁ አሳየ። ሚለር በዚያው ዓመት አረፈ። እኔ በበኩሌ በዚህ ታሪክ ከሚጠቀሱት ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የማከብረው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ያለቀ ጥርስን አይቶ ከመገመት ይልቅ ጥርስን ራሱ አስልቆ ተመልክቷል።

የሚገርመው በዚያው በ1907 ማሪና ፒየትኪዬቪች የተባሉ ሁለት ጸሐፍት በፈረንሳይ የሕክምና መጽሔት ላይ «ብሩክሶማኒ» የሚል ቃል ማውጣታቸው ነው። ቃሉ ጥርስን ማፋጨት ከሚል የግሪክኛ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ «ማኒ» የሚለው ቅጥያ ነገሩ የአእምሮ ሁኔታ መሆኑን ያመለክታል። በ1931 ፍሮማን ስለ ሥነ ልቦና ሕክምናና ስለ ጥርስ በጻፈው ጽሑፍ «ብሩክሲዝም» የሚለውን ስም ተጠቀመ፤ ዛሬ የምንጠቀምበትም ይህንኑ ነው። ቁጣንና ሥቃይን ከጥርስ ጋር ማያያዝ ከሐኪሞች በፊት የነበረ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥርስ ማፋጨት የኩነኔ ምልክት ነው፤ በእኛም ቋንቋ ቂም የያዘ ሰው ጥርሱን ነክሷል ይባላል፤ መከራውን የቻለም እንዲሁ። ስለዚህ ሌሊት የሚያፋጭ ሰው ቀን ያልተናገረው ንዴት አለበት የሚለው ማብራሪያ ለአድማጭ ጆሮ አዲስ አልነበረም፤ ምናልባትም ያለ ብዙ ማስረጃ ሥር የሰደደው ለዚህ ይሆናል።

ይሁን እንጂ በጥርስ ሕክምና ውስጥ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የገዛው ከሥነ ልቦናው ይልቅ ሜካኒካዊው ሐሳብ ነው። መነሻው በ1901 የቪየናው ሐኪም ካሮሊ ያቀረበው ምልከታ ነበር። ካሮሊ የድድ በሽታ ያለባቸው ታካሚዎቹ ሌሊት ጥርሳቸውን እንደሚያፋጩ አስተዋለ፤ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ከልክ ያለፈ ጫና የድዱን መያዣ ያፈርሳል ሲልም ገመተ። ጥርስን ሸፍኖ የሚከላከል መሣሪያ መጠቀምን ካነሡት የመጀመሪያዎቹም አንዱ ነው። ለድድ በሽታ ዋናው ተጠያቂ በጥርስ ላይ የሚከማቸው ባክቴሪያ መሆኑን ሐራልድ ሎው በ1965 በሙከራ ካሳየ በኋላ የካሮሊ ግምት የቀድሞ ሥፍራውን አጥቷል። ነገር ግን ከእርሱ የተወረሰው አስተሳሰብ፣ ማለትም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አገጣጠም ነው የሚለው፣ ጸንቶ ቀጠለ።

ሐሳቡ ሲሰሙት የሚያሳምን ነው። ከፍ ብሎ የቀረ ሙሌት ወይም የተዛባ ጥርስ ለመንጋጋ እንቅፋት ይሆናል፤ እንቅፋቱ ጡንቻውን ያለ ዕረፍት ይነዘንዛል፤ ሰውየውም ሳያውቀው እንቅፋቱን ፈጭቶ ሊያስወግድ ይታገላል። በኖርዌይ ተወልዶ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ሲጉርድ ራምፍዮርድ በ1961 ባሳተመው ጥናት የማኘኪያ ጡንቻዎችን ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ቀርጾ፣ የአገጣጠም እንቅፋት ከአእምሮ ውጥረት ጋር ተዳምሮ ማፋጨትን እንደሚያመጣ፣ አገጣጠሙ ሲስተካከልም ማፋጨቱ እንደሚወገድ ገለጠ። ጥናቱ የንጽጽር ቡድን አልነበረውም፤ ቀረጻውም የተደረገው ሰዎቹ ነቅተው ሳሉ እንጂ በእንቅልፍ ላይ እያሉ አልነበረም። ሆኖም የጸሐፊው ክብር ትልቅ፣ ማብራሪያው ቀላል፣ መፍትሔውም በእያንዳንዱ ክሊኒክ ባለው መሰርሰሪያ የሚፈጸም ነበርና በብዙ አገሮች የጥርስ ትምህርት ቤቶች እንደ ታወቀ እውነት ተሰጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። በዚህ ትምህርት መሠረት የታከሙ ሰዎች ጥርሳቸው እየተሞረደ እንዲገጥም ተደርጓል፤ የከፋ ሲሆንም ጤናማ ጥርሶች ተቀርጸው በክራውን ተሸፍነዋል። ኢናሜሉ አልቆ የመጣ ሰው ኢናሜሉን ይበልጥ በማሳነስ ታከመ ማለት ነው። መድኃኒት ካልሠራ ይቋረጣል፤ የተሞረደ ጥርስ ግን አይመለስም። ሐሳቡ ትክክል ባይሆን ኖሮ ምን ይፈጠራል ብሎ የጠየቀ ሰው ለረጅም ጊዜ አለመገኘቱ ይከነክናል።

ጥያቄው በሙከራ የቀረበው በ1984 ነው። ጆን ሩግና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ሰዎች ጥርስ ላይ ሆን ብለው ከፍ ያለ፣ አገጣጠምን የሚያዛባ ክራውን አኖሩ፤ ሌሊት ሌሊትም የማኘኪያ ጡንቻቸውን እንቅስቃሴ ለኩ። የአገጣጠሙ ሐሳብ እውነት ቢሆን ማፋጨቱ መባስ ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በአብዛኞቹ የሌሊቱ የጡንቻ እንቅስቃሴ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቀነሰ። አንድ ትንሽ ጥናት ሁሉን ነገር አይዘጋም፤ ቢሆንም ለሰማንያ ዓመት ገደማ በክብር የኖረ አስተሳሰብ ቀላል ፈተና እንኳ ማለፍ እንደተሳነው አሳየ።

ከዚያ በኋላ ምርመራው ከጥርስ ወንበር ወደ እንቅልፍ ክፍል ተሻገረ። በሞንትሪያል ጊል ላቪንና ባልደረቦቹ በእንቅልፍ ላይ የአንጎልን ሞገድ፣ የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና የመንጋጋ ጡንቻን በአንድ ላይ እየቀረጹ በ1996 ለእንቅልፍ ብሩክሲዝም የምርመራ መለኪያ አወጡ። የዚህ ቡድን ጥናቶች በ2001 ሁለት አስገራሚ ነገሮችን ይፋ አደረጉ። አንደኛው፣ ጥርሳቸውን ከማያፋጩ ጤናማ ሰዎች መካከልም 60 በመቶ በሚሆኑት በእንቅልፍ ጊዜ ምት ያለው የማኘኪያ ጡንቻ እንቅስቃሴ መታየቱ ነው። የሚያፋጩት ሰዎች ልዩነታቸው እንቅስቃሴው የሚደጋገም፣ የሚበረታና ድምፅ የሚያወጣ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማፋጨቱ የሚነሣው እንቅልፍ ለቅጽበት ያህል ሲሳሳ መሆኑ ነው፤ መንጋጋው ከመንቀሳቀሱ 4 ሰከንድ ገደማ አስቀድሞ የአንጎል ሞገድ ይፈጥናል፤ የልብ ምት ይከተላል፤ ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው በመጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ሎቤዙና ናዪየ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እስከዚያ የነበረውን ማስረጃ አሰባስበው፣ ብሩክሲዝም በዋናነት የሚመራው ከአፍ ሳይሆን ከማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ነው ሲሉ ደመደሙ። የዘር ድርሻ እንዳለበት ደግሞ በፊንላንድ መንትዮች ላይ የተደረገና በ1998 የወጣ ጥናት አመልክቶ ነበር።

በ2013 የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የብሩክሲዝምን ትርጉም በስምምነት አወጡ፤ በ2018ም አሻሻሉት። በተሻሻለው አገላለጽ መሠረት ብሩክሲዝም በሌላ ረገድ ጤናማ በሆነ ሰው ላይ በሽታ ሳይሆን የጡንቻ ባሕርይ ነው፤ ለጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል፤ ላያጋልጥም ይችላል። የእንቅልፉና የቀኑ ዓይነትም ለየብቻ ይታያሉ። የቀኑ ይበልጡን ማፋጨት ሳይሆን ነክሶ መያዝ ነው፤ ከውጥረትና ከጭንቀት ጋር ያለው ዝምድናም ከእንቅልፉ ይበልጥ የጠራ ነው። በ2013 ታትሞ የወጣ የጥናቶች ግምገማ የእንቅልፉን ዓይነት በአዋቂዎች ላይ 13 በመቶ ገደማ፣ የቀኑን ከ22 እስከ 31 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል።

ለእኛ ለሐኪሞች የሚቀርበው የታሪኩ ክፍል ግን ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ማፋጨቱን የምናመጣው እኛው ነን። በ1970 ሌቮዶፓ በሚወስዱ የፓርኪንሰን ታካሚዎች ላይ ጥርስ ማፋጨት ተመዘገበ። በ1993 ደግሞ ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹን ለድብርት የሚወስዱ አራት ሰዎች ሌሊት ማፋጨት መጀመራቸው ተጻፈ፤ ተመሳሳይ ዘገባዎችም ተከታተሉ። እንዲህ ያለ ታካሚ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሲሄድ ስለሚወስደው መድኃኒት የሚጠይቀው ካላገኘ፣ ማፋጨቱ በድብርቱ ላይ ይላከካል። ድብርቱን የሚያክመው ሐኪምም አፉን ካልከፈተው ነገሩ በሁለቱ መካከል ወድቆ ይቀራል። መድኃኒቱን በሐኪም ምክር መጠኑን መቀነስ ወይም መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በ1999 ቡስፒሮን መጨመር የጠቀማቸው ጥቂት ታካሚዎችም ተዘግበዋል።

በአገራችን ከዚህ ጋር ጫት አብሮ መነሣት አለበት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን በኬሚካዊ ቅርጹ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። አምፌታሚን ደግሞ መንጋጋን አግጥሞ የማስያዝ ባሕርዩ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ለሰዓታት ማኘኩ፣ የአፍ መድረቁና አብሮ የሚጠጣው ለስላሳ መጠጥ ይጨመራል። ከፒ ኤች 5.5 በታች የሆነ ፈሳሽ ኢናሜልን ማሟሟት ይጀምራል፤ ለስላሳ መጠጦች ከዚህ እጅግ ይወርዳሉ፤ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ አሲዱን የሚያለዝብ አይኖርም። በአሲድ የላላ ኢናሜል በፍትጊያ ከወትሮው ፈጥኖ ያልቃል። የጨጓራ አሲድ ወደ አፍ የሚመለስባቸውም እንደዚሁ ናቸው።

በልጆች ላይ ያለው ግምት ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ የሰማች እናት ወስፋት አለበት ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች፤ ባለሙያውም ሳይመረምር የትል መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛታል። ይህ እምነት በእኛ ብቻ ሳይሆን በብዙ አገሮች አለ፤ የሚደግፈው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። የአንጀት ትላትል በተስፋፋበት አካባቢ ከሚያፋጩ ልጆች ብዙዎቹ ትል ይገኝባቸዋል፤ ከማያፋጩትም ብዙዎቹ ይገኝባቸዋል። የልጅነት ማፋጨት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ሲጨምር በራሱ ስለሚጠፋ መድኃኒቱ ምስጋናውን በቀላሉ ይወስዳል። ትሉ ካለ መታከሙ መልካም ነው፤ ለእናቲቱ ግን እውነቱን መንገር ተገቢ ነው። ይልቅስ ልጁ የሚያንኮራፋ፣ በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ ቶንሲሉን ማየት ይሻላል።

ሕክምናውን በተመለከተ እስካሁን ማፋጨቱን ከሥሩ የሚያጠፋ አልተገኘም። በጣም የተለመደው በመኝታ ሰዓት የሚደረግ ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ስፕሊንት ነው። በ2007 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ስፕሊንት የእንቅልፍ ብሩክሲዝምን ያክማል ለማለት ማስረጃው እንደማይበቃ፣ ጥርስን ከማለቅ በመከላከል ረገድ ግን ሊጠቅም እንደሚችል ገልጿል። እንደ ጓንት ነው ማለት ይቻላል፤ እጅን ይጋርዳል እንጂ ሥራውን አያስተውም። በ2004 በ10 የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ የላይኛው ጥርስ ስፕሊንት በከፊሎቹ ላይ የትንፋሹን መቋረጥ እንዳባባሰ አሳይቷል፤ ስለዚህ ስለ ማንኮራፋትና ስለ ቀን እንቅልፍ ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። በ1990 አንጎሉ በተጎዳ ታካሚ ላይ የተጀመረው የቦቱሊነም መርፌ የጡንቻውን ኃይል ያዳክማል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ውጤቱም ከጥቂት ወራት አያልፍም።

ያለቀውን ጥርስ መጠገን በተሻለ ሁኔታ ገስግሷል። ማይክል ቦኖኮር በ1955 ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ለሰከንዶች በማሻከር ሙጫ መሰል ቁስ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ የጎደለውን በኮምፖዚት መሙላት ጤናማውን መቅረጽ አያስፈልገውም። የኖርዌዩ ቢዮርን ዳል በ1975 ያቀረበው ዘዴም አብሮ ይጠቀሳል። የፊት ጥርሶች ሲያልቁ የተቃራኒው ረድፍ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ስለሚወርዱ ለጥገና የሚሆን ክፍተት አይቀርም፤ የቀድሞው መፍትሔ ተጨማሪ መሞረድ ነበር። ዳል ለፊት ጥርሶች ብቻ የሚሆን ማንሻ ብረት አኖረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የኋላ ጥርሶች በራሳቸው አድገው ተገናኙ፤ ክፍተቱም ያለ መሰርሰሪያ ተገኘ።

የእንቅልፍ ቤተ ሙከራ በሌለበት የሚሠራ ባለሙያ ግን ምን ያድርግ? ብዙውን በዓይንና በጥያቄ መለየት ይቻላል። በፍትጊያ ያለቀ ጥርስ ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ገጽ ይኖረዋል፤ ታካሚው መንጋጋውን ወደ ጎን ሲያንቀሳቅስ ያ ገጽ ከተቃራኒው ጥርስ ገጽ ጋር ልክ እንደ ቁልፍና ጋን ይገጥማል። በአሲድ የሟሟው ግን እንደ ጽዋ የጎደጎደ ነው፤ ሙሌት ካለበትም ሙሌቱ እንደ ደሴት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ተቃራኒውንም አይገጥምም። የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል ከሳሱ ስለ ቃርና ስለ ማስታወክ መጠየቅ ይገባል። ጠዋት መንጋጋ ይደክማል ወይ? አብሮ የሚተኛ ሰው ድምፅ ይሰማል ወይ? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ጥርሱ ያለቀው ከዓመታት በፊት በነበረ ልማድ ሊሆን ስለሚችል፣ የጥርሱን የፕላስተር ሞዴል ወይም ፎቶግራፍ አስቀምጦ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ማመሳከር ከማናቸውም መሣሪያ ያላነሰ ይጠቅማል። በሁለቱ መካከል ለውጥ ካልታየ ጥርሱ ለጊዜው ምንም አይፈልግም።